የተሸከማት ትከሻ

ዓመለወርቅ ሱቋን ዘግታ ተራራ ትወጣለች ብሎ የጠረጠረ ሰው በሶዶ ገበያ አልነበረም። ጋቢና ነጠላ ስትዘረጋና ስታጥፍ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ከቤቷ ወደ ሱቋ፣ ከሱቋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከዚያ የራቀውን መንገድ ለባጃጅ ትታዋለች። ዳሞታን በየቀኑ ታየዋለች፤ ከሱቋ ደጃፍ ቀና ያለ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር የለምና። ተራራው ግን እሷን አይቷት አያውቅም።

በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ ግን ባጃጁ «ከዚህ ወዲያ አልችልም» ያለበት ቦታ ላይ ወረደች። በብብቷ ስር በፌስታል የተጠቀለለ ጋቢ ይዛለች። ከኋላዋ የሱቅ ጎረቤቷ ጥሩነሽ የእሁድ ጫማዋን አድርጋ፣ የምሳ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ እየተነጫነጨች ወረደች።

«በገበያ ቀን!» አለች ጥሩነሽ። «ቅዳሜን የመረጥሽው እኔን ለማክሰር ነው?»

«ነገ ክርስትና ነው። ስለቴን ሳላደርስ የልጅ ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ልገባ? አላደርገውም።»

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ጌታን አመስግነን፣ አሜን ብለን እንቀመጣለን።»

«ተቀመጪ ታዲያ! ማን ነይ አለሽ?»

«ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብዬ ነዋ።»

እንዲህ እየተባባሉ ነው ጎን ለጎን ያረጁት። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ኦርቶዶክስ፤ በጾሙም በጸሎቱም ሲነታረኩ ይውላሉ፣ አንዷ ከታመመች ግን ሁለቱም ሱቆች የሚከፈቱት በሌላዋ እጅ ነው።

የስለቱ ነገር እንዲህ ነበር። የዓመለወርቅ ልጅ እየሩስ ተራራው ላይ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባሏ ባሮክም የእርሻ ባለሙያ ሆኖ እዚያው ስለተመደበ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደውና፣ እየሩስ ወደ ሶዶ ልትወርድ ልብሷን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ምጡ ግን ቀጠሮ አላከበረም። ባሮክ ለስልጠና ገሱባ ሄዶ ሳለ፣ የሐምሌ ዶፍ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ጠዋት፣ ደም ይፈስሳት ጀመር። አምቡላንሱ ተራራው ግርጌ ደርሶ ቀጥ አለ። ለዓመለወርቅ የደረሳት ስልክ አጭር ነበር፤ «በቃሬዛ እየወረደች ነው፣ ሆስፒታል ጠብቂ» የሚል።

ጠበቀች። ዝናቡ ከነጠላዋ አልፎ አጥንቷ ድረስ ዘልቆ፣ የሆስፒታሉን በር ጨብጣ ስትንቀጠቀጥ ነው የተሳለችው። «ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን በሕይወት አድርሺልኝ እንጂ፣ የተሸከማትን ትከሻ በገዛ እጄ ጋቢ አለብሳለሁ!»

አምቡላንሱ ሲደርስ እየሩስን ደግፎ የወረደው አንድ ጎልማሳ ነበር። ሸሚዙ ቀኝ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ከስሩ ቆዳው ተልጦ ደም ቋጥሯል። ዓመለወርቅ ከፊቱ ይልቅ ትከሻውን አየች። ልጇን ይዛ ገባች፤ ልታመሰግነው ስትወጣ ሰውየው የለም።

እየሩስ ተረፈች፤ ሴት ልጅም በሰላም ተገላገለች። «ማነው የተሸከመሽ?» ብላ እናቷ ስትጠይቃት፣ «እኔ እንጃ እማዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዝናቡን አስታውሳለሁ፤ ደግሞ አንድ ሰው ‘አይዞሽ’ ሲለኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ አራስ ማረሱ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ሱቁ አለ። ዓመለወርቅ ጥጡን አስፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ፣ በዕድሜዋ ከሸጠችው ሁሉ የሚበልጥ ጋቢ አሠራች። ብዙ ገዢ ዓይኑን ጣለበት፤ እሷ ግን «የሰው ነው» እያለች መለሰች። አሁን የሕፃኗ ክርስትና ነገ ሆነ፣ ጋቢውም ገና ፌስታል ውስጥ ነው።

የተራራው መንገድ ጅረቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ክረምቱ ገና ስላልራቀ ውሃው ሙሉ ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ ጠርቶ፣ እየጮኸ ይወርዳል። ግራና ቀኙ የእንሰትና የጎመን ጓሮ ነው። ብዙም ሳይሄዱ ጅረቱን የሚሻገሩበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ለገበያ የሚሆን ድንች ያጥባል። ቀና ሲል ዓመለወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውየው ነው።

«ያቺ መምህርት!» አለ እሱም ስታስረዳው። «ተረፈች እናቴ?»

«ተረፈች። ልጇም ነገ ክርስትና ትነሳለች።»

ሰውየው ድንቹን ትቶ እርጥብ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። «ጦሳ ጋላታይስ!» ብሎ አምላኩን በወላይትኛ አመሰገነ። ስሙ ቸርነት ነው። ዓመለወርቅ እንባዋን እየጠረገች ፌስታሉን ፈታች፤ ጋቢው ወተት መስሎ ወጣ። ስለቷ በማለዳ ሊደርስላት ነው፤ ለምሳ ቤቷ ናት።

ቸርነት ግን ወደኋላ አፈገፈገ። «አይሆንም እናቴ። እኔ ከዚህ መሻገሪያ እስከ መኪናው ነው የያዝኳት። መኪና ውስጥም የገባሁት እጄን አልለቅም ስላለችኝ ነው። ከላይ ያወረዷት ሌሎች ናቸው።»

«ትከሻህን አይቻለሁ እኮ! ደም ነበር።»

«የሁሉም ትከሻ እንደዚያ ነው። እኔ ይሄን ለብሼ ስሄድ እነሱ ምን ይሉኛል? ሌባ ነው የሚሉኝ።» ከዚያ የመንደሩን ሕግ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ አስረዳት። «እኛ ጋ መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ሰው የሚሄድበትን ይተዋል። ይመለሳል፣ እስከ ሰፈሩ ድንበር ይሸከማል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሲቀበል ‘አይዞህ’ ይላል፤ ስሙን አይናገርም፣ ምንም አይቀበልም። ነገ የሱ ቤት ነዋ።»

«እና ስለቴስ?»

«መጀመሪያ ያነሷት ጋሽ ጦና ናቸው፣ ጨፌው ላይ። ቃሬዛውም እሳቸው ቤት ነው የሚቀመጠው። እሳቸውን ጠይቂ። ውሃውን አትልቀቂ፣ ያደርስሻል።»

ዓመለወርቅ ጋቢውን መልሳ ጠቀለለች። ጥሩነሽ ወደ ሽቅቡ አይታ፣ ወደ ጫማዋ አይታ፣ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አሉ» ብላ ዘንቢሏን አነሳች።

ሽቅቡ እየጠነከረ ሄደ። ዓመለወርቅ በየእርምጃዋ ትቆማለች፤ ድካም ብቻ አይደለም የሚያቆማት። ዳገቱ ላይ ስትንሸራተት «እዚህ ጋ ይዘዋት ወርደዋል» ትላለች። ገደሉ ጠርዝ ላይ ስትደርስ «በዚህም ነው?» ትላለች። ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ቃሬዛ ማለት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ ነገር ይመስላት ነበር። መሀሉ እንደዚህ መሆኑን ማን ነግሯት?

ደን ውስጥ ገብተው ጅረቱ ጠበብ ብሎ ወደ ሸለቆ የሚገባበት ጋ ሲደርሱ፣ መንገዱ በአንድ የወደቀ ዝግባ ላይ ይሻገራል። ግንዱ ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ከስሩ ውሃው ይገለባበጣል። ዓመለወርቅ በአራት እግሯ፣ እንደ ሕፃን እየዳኸች ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ወደኋላ ስታይ፣ በዚያ ግንድ ላይ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ አራት ሰው፣ ቃሬዛ፣ ቃሬዛው ላይ ልጇ፣ ልጇ ሆድ ውስጥ ሕፃኗ ሆነው ታዩዋት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጥሩነሽም መሀል ግንዱ ላይ እንደተቀመጠች «አታልቅሺ፣ እኔንም ታስወድቂኛለሽ!» እያለች አለቀሰች።

«ጥሩዬ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም» አለች ዓመለወርቅ። «አንድ ጋቢ ይዤ መጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ ደኑ ዝም አለ። ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን ጥለው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ብርዱ ደስ ይላል። ከደኑ ጫፍ ላይ ማጭድ ይዛ ለከብቶቿ ሣር የምታጭድ ፋና የምትባል ሴት አገኙ። ፋናም ያንን ጠዋት ታስታውሳለች። «የኛ ሰፈር ወንዶች ከዚህ እስከ ግንዱ ወስደዋታል። ዛሬ ሁሉም ገበያ ናቸው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ የእንሰት ቅጠል ይዤባት ነበር፤ ዝናቡ ፊቷ ላይ እንዳይወርድ።»

ዓመለወርቅ ጋቢውን ልታለብሳት ተንደረደረች። ፋና ሳቀች። «እኔማ ቅጠል ነው የያዝኩት! ትከሻ አላዋጣሁም። ሂጂ ወደ ጋሽ ጦና፣ ጨፌው ይሄውና።»

ጨፌው በእርግጥም እዚያው ነበር። ከደኑ እንደወጡ ሰማዩ በአንዴ ተከፈተ፤ አረንጓዴው ሜዳ ላይ የረፈደባቸው አደይ አበቦች ቆመዋል፣ ጅረቱ መሀሉን ሰንጥቆ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ታች ሶዶ የቆርቆሮ ጣሪያዎቿን ታብለጨልጫለች፤ ራቅ ብሎ አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ዓመለወርቅ ሱቋን ፈለገች፤ አልታየቻትም። እንደዚህ ሆኖ ማየት ምን ያህል ይሻላል አለች በልቧ። ለካ እሷ ከታች ቀና ብላ ተራራ ስታይ፣ እነዚህ ሰዎች ከላይ ሆነው የማንንም ጩኸት ሊሰሙ ጆሯቸውን አቁመው ይኖራሉ። ልጇ ከነልጇ ያለችው እነዚህ ሰዎች ስላሉ ነው። አጎንብሳ መሬቱን ሳመች። «ተመስገን» አለች። ጥሩነሽ ከጎኗ «አሜን» አለች፤ በዚያች ደቂቃ የሁለቱ ሃይማኖት አንድ ነበር።

ምሳቸውን ሊፈቱ ሲቀመጡ ነው ከላይ በኩል ጩኸት የተሰማው። ሁለት ሽማግሌ ከፊት፣ አንድ ጎልማሳና ህብረት የምትባል ወጣት ሴት ከኋላ ሆነው ቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። ቃሬዛው ላይ ጢማቸው የነጣ ሰውዬ ተጋድመው፣ ከሕመማቸው በላይ ተቆጥተው ይጮኻሉ። «ቀስ በሉ! ሰው ነኝ እኮ፣ ድንች አይደለሁም!»

«ጋሽ ጦና እንዳይሆኑ ብቻ» አለች ጥሩነሽ።

እሳቸው ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በሰው ጥቆማ ይህን ሁሉ ዳገት የወጡላቸው ጋሽ ጦና ጣሪያ ሊጠግኑ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ወድቀው እግራቸውን ሰብረዋል። ህብረት ምራታቸው ናት። ዓመለወርቅ ሮጣ ሄዳ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደመጣች እየተቻኮለች ነገረቻቸው፤ ጋቢውንም ልትዘረጋባቸው አነሳች።

«ለትከሻዬ ነው የተሳልሽው?» አሉ ጋሽ ጦና። «ትከሻዬ ደህና ነው፤ የተሰበረው እግሬ ነው። ሱሪ ነበር ማምጣት!» ተሸካሚዎቹ ሳቁ፤ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌው «ዋይ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅሽ በመትረፏ ደስ ብሎኛል። ግን አንቀበልም። የአንዱን ትከሻ አልብሰሽ የሌላውን ብታልፊ፣ ነገ ማን ለማን ይሸከማል?» አሏት።

ዓመለወርቅ ጋቢውን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ተራራው ጫፍ ደርሳለች፤ ከዚህ በላይ የምትጠይቀው ሰው የለም። ነገ ክርስትና ነው። ጋቢው እጇ ላይ ከበዳት።

ጥሩነሽ ግን ዘንቢሏን መልሳ ዘግታ ተነሳች። «ቃሬዛ ያገኘ ሰው ይመለሳል ብሏል ያ የድንች ሰውዬ። ነይ፣ ምሳችንን እየሄድን እንበላለን።»

ወንዱ ገበያ ስለወረደ ተቀባይ አልነበረም። ጨፌውን ጥቂት እንደሄዱ ከፊት ካሉት የአንደኛው ሽማግሌ ትንፋሽ ተቆራረጠ። ዓመለወርቅ ፌስታሉን ለጥሩነሽ ወርውራ ወደ ቃሬዛው መሸከሚያ እንጨት፣ ወደ ቋሚው ገባች። «ይልቀቁልኝ አባቴ።»

«አንቺ? የከተማ ሴት?»

«ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ነው ልጅ ያሳደግኩት» አለችና ትከሻዋን ከእንጨቱ ስር አስገባች። «አይዞዎት ጋሽ ጦና።» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ማን እንዳስተማራት የገባት።

እንጨቱ ሻካራ ነው። በየእርምጃው ሥጋዋን ያኝካታል። ደኑ ጫፍ ሳይደርሱ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተተለተለ፤ በሆስፒታሉ በር ያየችው የቸርነት ቁስል ዓይኗ ላይ መጣ። ሁሉም እንደዚህ ሆነዋል። ከጨፌው፣ ከደኑ፣ ከግንዱ፣ ከመሻገሪያው፣ ሁሉም።

«አውርዱ!» አለች ድንገት። «አንዴ አውርዱ።»

ፋና ቃሬዛውን አይታ ሣሯን ጥላ እየሮጠች መጥታ ነበር። ዓመለወርቅ ማጭዷን ከእጇ ወሰደች፣ ጋቢውን ከፌስታሉ አወጣች፣ ሣሩ ላይ ዘረጋችው። አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳሰሰችው። እንዲህ ያለ ጋቢ ደግማ አታሠራም። ከዚያ ማጭዱን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ቀደደችው።

«አበደች!» አለች ጥሩነሽ። «ዓመሌ! ያን የመሰለ ጋቢ!»

አራት ቦታ ቀደደችው። እያንዳንዱን ቁራጭ አጥፋ፣ ደራርባ፣ ሱቅ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ባጠፈችበት እጅ የቃሬዛው ቋሚዎች አራት ጫፍ ላይ፣ ትከሻ የሚያርፍበት ጋ ጠቀለለችው፤ ከራሱ ከጋቢው ጥለት ገመድ አውጥታ አሰረችው። ጋሽ ጦና አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩ ነበር።

«ለሰው አንቀበልም ብለዋል» አለች ዓመለወርቅ እያለከለከች። «ይሄ ለቃሬዛው ነው።»

ጋሽ ጦና እጃቸውን ዘርግተው ጥጡን ነካ አደረጉት። «ቃሬዛው የሁላችንም ነው» አሉ። «ለቃሬዛው ከሆነ ተቀብለናል።»

ቁልቁለቱን በተነባበረው ጥጥ ስር ወረዱት። ህብረት ደከመች፣ ፋና ተቀበለች። ዓመለወርቅ ቅድም በዳኸችበት ግንድ ላይ ቆማ ተሻገረች፣ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም። ከገበያ ቀድመው የተመለሱ ሰዎች መንገድ ላይ ባገኟቸው ጊዜ ሸክማቸውን ቁጥቋጦ ስር እየጣሉ ገቡ። እያንዳንዱ ትከሻውን ሲያስጠጋ የጋቢው ልስላሴ ያስደነግጠዋል፤ ዞር ብሎ ያያል፤ ማንም ግን አይጠይቅም። «አይዞዎት» ይላል፣ ይሄዳል። ጥሩነሽ ከፊት ከፊት እየሄደች በየማቀባበያው ዳቦውን ቆርሳ ታጎርሳለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» እያለች ተረቷን ትደጋግማለች፤ ምሳዋ ማለቁን ረስታዋለች።

መሻገሪያው ላይ ቸርነት ጩኸቱን ሰምቶ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። ቋሚውን ሲቀበል እጁ ጨርቁ ላይ ቆየ። አወቀው። ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ትከሻውን ከስሩ አደረገ።

«በቃሽ እናቴ፣ ልቀቂ» አላት። «ድንበርሽ አልፏል።»

«ድንበሬ ሶዶ ነው» አለች ዓመለወርቅ፤ አልለቀቀችም።

በስልክ የተጠራው አምቡላንስ ግርጌው ላይ እየጠበቃቸው ነበር። ጋሽ ጦናን ሲጭኑ ነርሷ ወደ ዓመለወርቅ ዞራ፣ «ምናቸው ነሽ? ስምሽ ማነው?» አለቻት። ዓመለወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጥሩነሽን በክንዷ ይዛ፣ መልስ ሳትሰጥ ወደ ባጃጆቹ ሄደች። ባዶው ቃሬዛ በቸርነት ትከሻ ላይ፣ አራት ጫፉ ነጭ ሆኖ፣ ወደ ተራራው ተመለሰ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሕፃኗ ነጭ ለብሳ ተዘጋጀች። እየሩስ እናቷ ቀሚስ ስትቀይር አይታ ደነገጠች። የእናቷ ቀኝ ትከሻ አብጦ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ደም ቋጥሯል።

«እማዬ! ምንድነው ይሄ?»

«ስለቴ ነው። ደረሰልኝ።»

«ሰውዬውን አገኘሽው? አይዞሽ ያለኝን?»

ዓመለወርቅ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከየት ትጀምር? ጨፌው አለ፣ ግንዱ አለ፣ የእንሰቱ ቅጠል አለ። «አገኘሁት» አለች። «ብዙ ነው ልጄ። እኔም አለሁበት።»

እየሩስ አልገባትም፤ እናቷ ወደፊት ታስረዳታለች፣ ጊዜ አለ። ደወሉ ተደውሏል። ዓመለወርቅ ሕፃኗን ተቀብላ በደህናው ትከሻዋ አቅፋ ወጣች።